ከሞጣ የተመለሰው በሽተኛ

ታላቅ ወንድሜ ታደለ የደወለልኝ አዲስ አበባ ቢሮዬ ውስጥ የሌላ ሰው ዜና እያረምኩ ሳለ ነው። ሰላምታ አላስቀደመም።

«አባባ አልቆላቸዋል» አለኝ። «ነገ ጠዋት ከሆስፒታል አውጥተን ወደ ቢቸና ይዘናቸው እንሄዳለን። በአገራቸው ይረፉ። አንተም ቶሎ ድረስ።»

በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። የመኪና አደጋ፣ የጎርፍ አደጋ፣ የፍርድ ቤት ውሎ ዘግቤያለሁ። ሰው እያለቀሰ የምጠይቅባቸው ቀናት ነበሩ፤ ሥራው ያንን ይጠይቃል። አዲስ ለሚቀጠሩ ልጆች ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ማን አለ? በምን ቃል አለ? ያን ዕለት ግን ወንድሜን ምንም አልጠየቅሁትም። ስልኩ ሲዘጋ ጥቁር ጃኬቴን ፈልጌ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ።

አባታችን በቢቸና አቅራቢያ ባለ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። የደብሩ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ከክረምት ጀምሮ የበሉት አልረጋላቸው አለ። ጠዋት የቀመሱትን ማታ ይመልሱታል። ሰውነታቸው አልቆ ቀሚሳቸው ከትከሻቸው ላይ የተሰቀለ ይመስል ጀመር። ቢቸና ያሉ ሐኪሞች ሪፈር ጽፈውላቸው፣ ከሞጣ አልፎ በትልቁ ከተማ ወዳለው የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታል ተላኩ። ስሙን መጥቀስ ለዚህ ታሪክ አያስፈልግም። ታደለ አስታማሚ ሆኖ አብሯቸው ሄደ። ታደለ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሞዴል አርሶ አደር መርጦ የሚያሠለጥን፣ ሪፖርት የሚጽፍ፣ የተማረ ሰው። ይህን የምለው የተሳሳተው ባለማወቅ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ ዓባይ ድልድይን ተሻገርኩ፣ ደጀንን አልፌ እኩለ ቀን ላይ ቢቸና ገባሁ። ቤታችን ደጃፍ ላይ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አጥሩ ላይ አንድ በግ ታስሯል። አጎቴ ትከሻዬን ይዞ «እንኳን ደረስክ» አለኝ። «መቃብሩም ከቤተልሔሙ ጀርባ ተለይቷል። መንገዱንም እግዜር ከፍቶላቸዋል።»

መንገዱ ያን ሰሞን አንድ ቀን ክፍት፣ ሌላ ቀን ዝግ ነበር። በምን ምክንያት እንደሚዘጋ የአካባቢው ሰው ስለሚያውቅ አላብራራም። ዋናው ነገር ዛሬ የተሻገረ ሰው ነገ እንደሚመለስ እርግጠኛ አለመሆኑ ነው።

ገና ውኃ ሳልጠጣ ታደለ ደወለ። አባባ መንገድ ላይ ደክመው ሞጣ ወርደዋል፤ ሐጂ እድሪስ ቤት ናቸው። ሐጂ በሞጣ ቆዳ ነጋዴ ናቸው። አባቴ ለተማሪዎቻቸው ብራና የሚሆን ቆዳ ከእሳቸው ሲገዙ ዘመን ስላለፈ ነጋዴና ደንበኛ መሆናቸው ቀርቶ ወዳጆች ሆነዋል። ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ።

ታደለን ያገኘሁት በሐጂ ግቢ ውስጥ፣ ከተከራዩት መኪና አጠገብ ቆሞ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። ተቃቀፍን። ከዚያ፣ ለምን በዚያች ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ የሥራዬ አመል ተመለሰልኝ።

«ሐኪሙ ምን አለ?»

«ምን ይላል! ያየሁት ይበቃኛል።»

«ያየኸውን ቆይ። በቃሉ ምን አለ? አይተርፉም ያለህ ማን ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህም ጋዜጠኛ ነህ?»

«ማን ነው ያለው ታደለ?»

ታደለ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ቤቱ አየ። «ማንም አላለም» አለ በመጨረሻ። «እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ? ይታያል እንጂ! ስማ። ከገቡ ጀምሮ እህል በአፋቸው አልዞረም። ‘አትስጧቸው’ አሉ። ግሉኮስ ብቻ። ተስፋ ያለው ሰው ይራባል? በአፍንጫቸው ጎማ ከተው ሆዳቸውን ይቀዱታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ነጭ የለበሰ ጉባኤ ይመጣና አልጋቸውን ይከባል። በፈረንጅ አፍ ያወራል። ከዚያ አንድ በአንድ እየመጡ ዳሌያቸውን ይይዙና ይንጧቸዋል። እንደ ቅል! ጆሯቸውን ሆዳቸው ላይ ደፍተው ያዳምጣሉ። ሲጨርሱ ይስቃሉ።»

«ሁሉም ይስቃሉ?»

«አንዷ ስቃለች። እና ምን ልዩነት አለው? የሚድን ሰው እንዲህ ይደረጋል? የማይድነውን ነው ለተማሪ መለማመጃ የሚሰጡት።»

ሐጂ እድሪስ ከበሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሲቀልዱ ፊታቸው አይለወጥም።

«እኔ የማውቀው ቅል የሚናጠው ቅቤ ሲኖረው ነው» አሉ።

ታደለ አልሳቀም። ሐጂ ቀጠሉ። «ለመሆኑ የኔታን ጠይቃችኋል?»

«በሽተኛ ይጠየቃል እንዴ ሐጂ?»

«ጉድ ነው። የሚሞቱት እሳቸው፣ የምትመክሩት እናንተ።»

ገባሁ። አባቴ ፍራሽ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ፊታቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል፤ ዓይናቸው ግን የማውቀው ዓይን ነው።

«መጣህ?» አሉኝ። «አንተም ከመጣህ እንግዲህ ነገሩ እውነት ነው።»

«የቱ ነገር አባባ?»

«የምትደብቁኝ ነዋ።»

በሥራዬ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ። አባቴን ግን ከዚያ ቀን በፊት ስለራሳቸው ጉዳይ ጠይቄያቸው አላውቅም። በእኛ ቤት ልጅ የአባቱን ጤና ይጠይቃል፤ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ በዚያ ያበቃል።

«አባባ፣ ሐኪሞቹ ለእርስዎ የነገሩዎት ነገር አለ?»

«አለ እንጂ» አሉ። «ዋናዋ ሐኪም ሴት ናት። ተማሪዎቹ ወደ ሌላ አልጋ ሲያልፉ ተመልሳ መጣችና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ‘የጨጓራዎ መውጫ ጠቧል። የቆየ ቁስል አኮማትሮት ሊሆን ይችላል፣ የከፋም ሊሆን ይችላል፤ ሳንከፍት አናውቅም። ከፍተን ለምግቡ ሌላ መንገድ እናወጣለታለን። እስከዚያ ሆድዎ ባዶ ይሁን፣ ውኃና ጨው በደም ሥርዎ እንሙላልዎ፣ አለዚያ ሰውነትዎ ቢላውን አይችለውም’ አለችኝ። ለማክሰኞ ነበር የቀጠረችኝ።»

ታደለ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «አባባ! ለምን አልነገሩኝም?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

አባቴ ወደ እሱ ዞሩ። «ለማጽናናት ያለችኝ መሰለኝ። ዕቃ ስትሸክፍ ሳይህ፣ እውነቱን ለልጄ ነግራዋለች አልኩ። ለበሽተኛ እውነት ይነገራል እንዴ? እኔ ራሴ በስንቱ አልጋ ራስጌ ተቀምጬ ‘ደህና ነህ፣ ትነሣለህ’ ብያለሁ። ሁሉንም ቀብሬያቸዋለሁ።»

 ነገሩ ይህ ነበር፤ ልጁ ከአባቱ ፊት የሐኪሟን ፍርድ ያነባል፣ አባቱ ከልጁ ፊት የሐኪሟን ፍርድ ያነባሉ፣ ፍርዱ ግን ሐኪሟ ያልፈረደችው ነው። ማስረጃ ሳይኖር ሁለት ምንጭ እርስ በርሱ እየተጠቃቀሰ አንድ ሐሰት ሲያጸና በሥራዬ አይቻለሁ። አባቴን ለመቅበር ሲደርስ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ስልክ ቁጥር ነበረን። ሲወጡ አንዲት ኢንተርን፣ ማለትም ትምህርቷን ልትጨርስ የቀረበች ሐኪም፣ እንዳይወጡ እስከ በሩ ድረስ እየለመነቻቸው ተከትላ ቁጥሯን ለታደለ ሰጥታዋለች። ታደለ «ተማሪዋ» ብሎ መዝግቧታል። ደወልኩ፣ ድምፁን ለሁሉም ከፈትኩት።

«የየኔታ ልጅ ነኝ» ብዬ ሳልጨርስ ጠየቀችኝ።

«የት ናችሁ? አስመለሳቸው? ሽንት ሸኑ?»

«ሞጣ ነን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ተስፋ የላቸውም ያለ ሐኪም አለ?»

«ማን እንደዛ አለ?»

«ማንም።»

አባቴ የነገሩንን፣ ቃል በቃል ማለት ይቻላል፣ ደገመችው። ጨመረችም። «ቃል አልገባልዎትም። ክፉ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካልተከፈተ ግን ክፉም ባይሆን ይሞታሉ፤ ምግብ የሚያልፍበት የለም። አልጋቸው እስካሁን አልተያዘም፣ ድንገተኛ ክፍል ግን ወለል ላይ የተኙ ሰዎች አሉ። ዛሬ ካልደረሳችሁ ይሰጣል። እኔ አልጋ ማስቆየት አልችልም፣ ተማሪ ነኝ።»

ታደለ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «እሺ፣ ያ መናጥ ለምንድን ነው?»

«አልፎ መሄድ ያቃተው ፈሳሽ ጨጓራቸው ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። እሱ ነው ምልክቱ። ብዙ ጊዜ አይገኝም፣ ስለዚህ ዋናዋ ሐኪም ሁላችንም እንድንሰማው ታደርጋለች።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «የሳቅሁት እኔ ነኝ። ከመጽሐፍ ብቻ ነበር የማውቀው። ስሰማው ደስ አለኝ። ይቅርታ ጠይቁልኝ።»

«ሰምቼሻለሁ ልጄ» አሉ አባቴ ከፍራሹ ላይ።

ስልኩ ተዘጋ። ያልተዘጋው ክርክሩ ነው። ታደለ ወደ ግቢው ጎትቶ አወጣኝ።

«ይሁን፣ ተሳሳትኩ። ግን አስበው። ድንኳን ተተክሏል። አገር ተጠርቷል። ይኼን እንኳ ልዋጠው። ተመልሰን ቢላው ላይ ቢሞቱስ? መንገዱ ቢዘጋስ? አርባ ዘመን ያስተማሩበት ደብር እያለ በሰው አገር፣ ማንም በማያውቃቸው መቃብር ሊገቡ ነው? ያኔ አንተ አዲስ አበባ ትገባለህ፣ እኔ ከዚህ ሕዝብ ጋር እኖራለሁ።»

 ታደለ ያለው ሐሰት አልነበረም። ከአባቴ ሞት ያላነሰ የሚፈራ ነገር ነው፤ ለአንድ የደብር መምህር ምናልባትም የሚበልጥ።

«ግቡና እዚህ ተከራከሩ» አሉ አባቴ ከውስጥ። «ጆሮዬ አልታመመም።»

ገባን።

«የመቃብሩ ጉዳይ የእኔ ነው፣ እናንተን አያስጨንቃችሁ» አሉ። «ምድር ሁሉ የእግዚአብሔር ናት ብዬ ሳስተምር ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን ቢቸና ብቻ ናት ልበል? ስለ ተማሪዎቹም ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ነበረ፣ ፂም ያላበቀለ። ናጠኝ፣ አዳመጠ፣ አልተሰማውም። ሰማሁ ብሎ ሊያልፍ ፈለገ። ሴትዮዋ አየችው። ጠየቀችው። አፈረና ዝም አለ። ጓደኞቹ ሁሉ እያዩ ‘እንደገና’ አለችው። ቋንቋው ባይገባኝም ይህች ግን ገባችኝ፤ ዕድሜ ልኬን እኔም ያልኳት እሷኑ ነው። ሦስተኛው ላይ ሰማ። እኔ ደክሞኝ ነበር፣ ግን ሲሰማ ፊቱን አየሁት። ያልሰማ ተማሪ የማይታለፍበት ቤት ነው። እዚያ ብሞት በስንፍና አልሞትም። መኪናውን አዙሩት።»

«ለቢቸና ሰውስ ምን እንበል?» አለ ታደለ።

«የተሠራውን ይብሉና ይሂዱ።»

ሐጂ ስልካቸውን አወጡ። «ለቢቸና እኔ እደውላለሁ። ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት ከእኔ ይሻላል፤ ውል ሲፈርስ መንገር የነጋዴ ሥራ ነው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው በዚያው በማይለወጥ ፊታቸው «የኔታ፣ ቀብር ሲራዘም ገና ዛሬ አየሁ» አሉ። አባቴ ሳቁ። ሳቁ አሳመማቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሾፌሩ አጉረመረመ፣ ግን አዞረ። ጎማው የሚያልፍበት ጉድጓድ ሁሉ በአባቴ ፊት ላይ ይነበብ ነበር። ፍተሻ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምን። ሁለተኛው ላይ አንድ ወታደር መስኮቱን ዝቅ አስደርጎ «በሽተኛ ከሆኑ ለምን ከሆስፒታል ወጡ?» ብሎ ጠየቀ። ታደለ «ተሳስተን» አለው። ወታደሩ ለጥቂት ጊዜ አይቶት አሳለፈን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረስን። እንዲህ ያለ ሆስፒታል የማታውቁ ካላችሁ፣ ከከተማው በላይ ከተማ ነው። በሩ ላይ ባጃጅ፣ ቃሬዛ፣ ብርቱካን ሻጭ። ኮሪደሩ ላይ አገውኛ የምትናገር እናት ልጇን ታባብላለች፣ ቆላ የወረደ የቀን ሠራተኛ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሒጃብ የለበሰች ሙሽራ የባሏን የደም ከረጢት ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማለች፣ የባንክ ሠራተኛ መታወቂያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወለል ላይ ተቀምጧል። ሁሉም አንድ ተራ ይጠብቃል። ኢንተርኗ አየችንና ወደ እኛ ሮጠች። አልጋው ነበረ። ግሉኮሱን ራሷ ተከለችው፤ ታደለ መያዣውን ያዘላት።

በማግስቱ ጠዋት ራውንዱን፣ የሐኪሞቹን የአልጋ ዙር ጉብኝት፣ በዓይኔ አየሁት። ነጭ የለበሱት መጡ፣ ከበቡ፣ ናጡ፣ አዳመጡ። ታደለ ግድግዳውን ተጠግቶ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ሲጨርሱ ወደ ዋናዋ ሐኪም ሄዶ «እኔም ልስማ?» አላት። እሷ ሳታቅማማ ቦታ ለቀቀችለት። ታደለ ጆሮውን የአባቱ ሆድ ላይ አስጠጋ። ሲነሣ ዓይኑን እንባ ሞልቶት ነበር። «ውኃ ነው» አለኝ፣ «እውነትም ውኃ ነው።»

ማክሰኞ አስገቧቸው። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ፊት ለፊት ያለውን አግዳሚ ከብዙ ሰው ጋር ተካፈልነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም እንነሣለን፣ ስም ይጠራል፣ አንዱ ይሄዳል፣ ሌሎቻችን እንቀመጣለን። አንዷ ተጠርታ ሄዳ ጮኸች። ታደለ መንገዱ ክፍት መሆኑን እየደወለ ይጠይቅ ነበር። ለምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ።

ዋናዋ ሐኪም ራሷ ወጣች። «ቁስል ነው» አለች። «የቆየ ቁስል አኮማትሮት ነው። ለዓይን ክፉ ነገር አላየሁም። የናሙናው ውጤት ሳይመጣ ግን አፌን ሞልቼ አልናገርም።» ውጤቱ ሲመጣ እንዳለችው ሆነ። በዚያው ሰሞን መንገዱ ተዘጋ፣ ብዙ ቀንም ተዘግቶ ቆየ።

ይህን የምታነቡ፣ «ነገሩ በደህና ስላለቀለት ነው የሚመክረን» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ተከፍቶ ክፉ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ አባቴ በሰው አገር ይቀበሩ ነበር፣ ታደለም እስከ ዛሬ ዓይኔን አያይም ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ግን ውሳኔው የአባቴ ይሆን ነበር። መደበቃችን ክፋት አይደለም፤ ከፍቅር እንደሚመጣ አውቃለሁ። ግን በፍቅር ስንደብቅ የሚታመመው ሰው ብቻውን ይቀራል፣ ፊታችንን እያነበበ የራሱን መርዶ ይጽፋል። ከዚያ ወዲህ በእኛ ቤት ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምንጠይቀው የታመመውን ነው፦ ምን አሉህ? በምን ቃል? ስለ ሆስፒታል ስዘግብም ከኃላፊው ቢሮ በፊት አልጋው ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚህ ያለፈ ፍልስፍና የለኝም።

መንገዱ ሲከፈት አባቴን ወደ ቢቸና ወሰድናቸው። ሰው እየመጣ «እንኳን እግዜር ማረዎት» ይላል። ከመጡት አንዷ እታለም ነበረች፤ በአካባቢው ለቅሶ ላይ ሙሾ በማውረድ የምትታወቅ ሴት። አባቴ ገንፎ እየበሉ ነበር፣ በዝግታ፣ እያንዳንዷ ጉርሻ እስክትወርድ እየጠበቁ። አዩዋት።

«እታለም፣ ለእኔ ያዘጋጀሽው ሙሾ ነበር አይደል?»

ሴትዮዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ኧረ የኔታ፣ በስመ አብ!»

«ቅኔ ሰሚ ነኝ፣ አልቆጣም። በይው።»

ብዙ ተለመነች። በመጨረሻ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ በለሆሳስ፣ ሳታለቅስ አለችው። ደጉ መምህር፣ ማንንም ያልተቆጡ፣ ለተማሪ እናት የነበሩ፣ እያለ የሚሄድ ነበር።  ታደለ ወደ ውጭ ወጣ።

አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ዜማው መልካም ነው» አሉ። «ነገር ግን ሐሰት አለበት። ማንንም አልተቆጡም ትያለሽ። ተማሪዎቼን ጠይቂ፤ ስንቱን አስለቅሻለሁ። ያን አውጪው።»

«እና ምን ልበል የኔታ?»

ጥቂት አሰቡ።

«አስተማሩ በይ። ይበቃል። ሲደርስ እንዲያ ትያለሽ።» ማንኪያቸውን አነሡና ገንፏቸውን ቀጠሉ።